ከነአባቴ ስም ጥራኝ

ይድረስ ለባለቤቴ ለይግዛው፤

ከተለየኸኝ ነገ ሦስት ወር ይሞላል። ቤቱ ደኅና ነው። የበረቱ አጥር ታድሷል፤ አንተ አጣመህ የተከልኸውም እንጨት ተነቅሎ ቀጥ ብሎ ተተክሏል። አትቀየመኝ፤ ሠላሳ ዓመት ታግሼዋለሁ።

ዛሬ ማንኩሳ ገበያ ውዬ ያን የቆምህበትን ድንጋይ አየሁት። ጣልያን ቡሬ የሰፈረ ጊዜ ነበር። ባሎቻቸው ጫካ ለገቡ ጎረቤቶቻችን ጨውና በርበሬ ከነጋዴ በዱቤ እያነሣሁ አካፍል ነበር። አንተ ጥማዱ በዕዳ እንዳይነዳ ሰጋህና ድንጋዩ ላይ ወጥተህ፣ «ጥሩነሽ ለተበደረችው እኔ አልጠየቅም፤ ስሙኝ» አልህ። እኔ በርበሬ ሻጮቹ መካከል ቆሜያለሁ። አባቴ ዳዊት ሲያስተምሩኝ አንዲት ቃል ከዘለልሁ ከመጀመሪያው ያስደግሙኝ ነበርና ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ከነአባቴ ስም ጥራኝ እንጂ፤ በማንኩሳ ሦስት ጥሩነሽ አለ» አልሁህ። ገበያው ሳቀ። አንተም ታዝዘህ እንደገና አወጅህ።

ከዚያ ወዲያ ጨው በዱቤ የሚሰጠኝ ጠፋ፤ የእነዚያ ሴቶች ወጥ አልጫ ሆነ። ሽማግሌ ሰብስቤ ከሰስሁህ። ዕዳዋ የብቻዋ ከሆነ ከብቷም የብቻዋ ነው ብለው ፈረዱ፤ አባቴ የሰጡኝ ቀይ በሬ ከጥማድህ ወጣ። ሰኔ ሲገባ በአንድ በሬ ማረስ የለ፣ ልትለምነኝ መጣህ። ዋስ ጥራ አልሁህ። እናትህን ጠራህ። እርሳቸውም፣ «ለዚህ ልጅ ዋስ አልሆንም፤ አውቀዋለሁ» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። በሬውን ያለ ዋስ ሰጠሁህ፤ የምርቱ እኩሌታ ለጨው ዕዳዬ እንዲሆን ተስማማን።

ጤፉ ተወቅቶም አዋጅህን አልሻርህም፤ በዚህ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል። እኩሌታውን ግን በአህያህ ጭነህ፣ እስከ ነጋዴው ደጅ ራስህ ነድተህ አደረስህ። ነጋዴውም ከዚያ ወዲህ ጨው አልከለከለኝም። ስትመለስ ለነዚያ ሴቶች ብለህ ሁለት አሞሌ በዱቤ ይዘህ መጥተህ ነበር፤ በማን ስም እንዳነሣኸው አልጠየቅሁህም።

በአርባህ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ፣ ስምህን ከነአባትህ ከነአያትህ ጠርቼ፣ «እርሱ ለተበደረው ሁሉ የምጠየቅ እኔ ነኝ» አልሁ። የመጣው አንድ የሽንዲ ሰው ብቻ ነው፤ ሞፈር አውሼው ነበር አለ፤ ሰጠሁት።

እስካለሁ ድረስ ስምህን እንዲሁ አሟልቼ እጠራዋለሁ፤ አንዲት ቃል ሳልዘልል።

ሚስትህ
ጥሩነሽ ወልደ ማርያም