የሚጠበቁ ሰዎች ምድብ

መካኒሳ አቦ
መጋቢት 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ዛሬ ጠዋት በማኅበራችን ኮምፒውተር ላይ አንድ አዲስ ምድብ ተከፈተ። ለምን እንደተከፈተ ከታች እጽፍልሻለሁ፤ አስቀድሞ ግን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ደብረ ብርሃን ዘንድሮ በመጋቢትም ብርዱ አልለቀቀም ብለው ከዚያ የመጡ ሰዎች ነግረውኛል። በዚያ ላይ ጾሙ አለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምሺ እንደምትውዪ አውቃለሁ፤ ተይ ብልሽም አትሰሚኝም። በሰው የላክሁልሽ ጋቢ ደርሶ እንደሆነ ጻፊልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ከደህና በላይ ነው።

ስለ ወንድሜ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጎቴ ወታደሩ ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በግንቦት ሰባት ዓመት ይሞላዋል፣ ራጉኤል ቢኖር ኖሮ ይመጣ ነበር፣ መርዶው ይነገርና ለቅሶ ተቀምጠን ተዝካሩ ይውጣ ማለቱን ነግረሽኛል። ነፍሱ ያለ ፍትሐት መቅረቷ እንቅልፍ እንደነሣው ጽፈሻል፤ ይህን ከልቡ እንደሚለው አምናለሁ። እኔም ባለፈው ደብዳቤዬ አጎቴ ያለው ይሁን ብዬሽ ነበር። አሁን ደግመሽ «አንቺ በእርግጥ ምን ትያለሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱን ከመጻፌ በፊት በዚህ ሰሞን ቢሮአችን ውስጥ የሆነውን ላውራሽ።

እንደምታውቂው ማኅበራችን ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ይረዳል። የሰጪዎቹ ስም እስከ ዛሬ የተቀመጠው በአንድ አሮጌ ፕሮግራም ነው። በጥቅምት ከውጭ የሚረዱን ሰዎች ፕሮግራሙ ሁለት ሺህ የሚባለውን ዓመት ስለማያውቅ ከዚያ በፊት ስሙ ሁሉ ወደ አዲስ ፕሮግራም ይዛወር ብለው ጻፉልን። ሥራ አስኪያጃችን አቶ በኃይሉ ደብዳቤውን አንብበው «ለእኛ እኮ ሁለት ሺህ ሊገባ ገና አሥር ዓመት ይቀረዋል፤ ምን አስቸኮላቸው?» አሉና ሳቁ። ሲበቃቸው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

ከማዛወር በፊት ማጥራት አለ። ድንጋዩ ያልተለቀመ ምስር ድስት ውስጥ አይገባም። አንዱ ሰው ሦስት ቦታ ተመዝግቧል፤ ሌላው ለአቦ ተስሎ ስለቱ ሲሰምር ብቻ ብቅ የሚል ስለሆነ ፕሮግራሙ «አቋርጧል» ይለዋል። ደግሞ በክርስትና ስማቸው ብቻ የሚሰጡ አሉ። ወለተ ማርያም የምትባል ሰጪ ብዙ ናት፤ ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንድ ሰው ናት ብሎ ሊደምራቸው ነበር። ፕሮግራሙን ሊገጥም የተቀጠረው ባለሙያ ኖላዊ ይባላል፤ የሦስት ልጆች አባት፣ ቀልድ የሚወድ፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው። አንዷ ሀና ማርያም አጠገብ ልብስ ሰፊ ናት፣ አንዷ ጡረተኛ አስተማሪ ናት፣ ቀኛቸው የሰጠውን ግራቸው እንዳያውቅ ነው ስማቸውን የደበቁት፣ አትደምራቸው አልኩት። «እኔ ልለያቸው እችላለሁ፤ አንቺ ግን ምሥጢራቸውን ሁሉ ዘረገፍሽው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን በቁጥር ብቻ እነግረዋለሁ።

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። አዲሱ ፕሮግራም ስለ እያንዳንዱ ሰው በሕይወት ያለ ነው ወይስ ሟች ብሎ ይጠይቃል። ከሁለቱ አንዱን ሳይመልሱለት የሰውየው ምዝገባ ተጠናቀቀ አይልም። ሟች ላሉት ሰው ደግሞ ደብዳቤ አይጽፍለትም።

ለቡ የሚኖሩ እማማ ቡዜ የሚባሉ ገበሬ አሉ። በየዓመቱ እህል ሲወቃ በአህያ ጤፍ አስጭነው ያመጡልናል። ደረሰኙን የሚያስቆርጡት ግን በልጃቸው በኢሉ ደገፋ ስም ነው። ኢሉ በሰባ ዘጠኝ ዘምቶ ያልተመለሰ ልጅ ነው። እኛም ለፋሲካ ለሰጪዎች የምስጋና ደብዳቤ ስንጽፍ «ለአቶ ኢሉ ደገፋ» ብለን እንልካለን። በስሙ ወደዚያ ቤት የሚገባ ሌላ ነገር የለም። ይህ ስም ላይ ስደርስ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አቅቶኝ ለጊዜው ዘልዬው ነበር።

ኖላዊ የዘንድሮውን ደብዳቤ ለሙከራ በአዲሱ ፕሮግራም አትሞ፣ ጠረጴዛው ላይ ከምሮ ምሳ ወጣ። ፕሮግራሙ የተሠራው ሰውን በቤተሰብ ስሙ በሚጠሩ ሰዎች ነውና ደብዳቤውን ሁሉ የጻፈው በሁለተኛው ስም ነው፤ የእኛ ሁለተኛ ስም ደግሞ የአባት ነው። አቶ በኃይሉ መጡ፣ የኅትመቱን ማማር አዩ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አያድርም ብለው ቁጭ ብለው ሁሉንም ፈረሙ። ሾፌራችን የየሰዉን ቤት በቃሉ ስለሚያውቅ ፖስታው ላይ ያለውን ስም እንኳ ሳያይ ከሰዓት በኋላ አደላቸው። እናም መካኒሳና ለቡ ያለው ሰጪ ሁሉ ለአባቱ የተጻፈ ምስጋና ደረሰው።

በማግስቱ መሐሙድ የሚባለው ባለሱቅ ወረቀቱን እያራገበ መጣ። «አባቴ በሕይወት ሳለ ለጎረቤት እንኳ ዱቤ ሰጥቶ አያውቅም። በሞተ በሃያ ዓመቱ ቸሩ ሰው ብላችሁ አመሰገናችሁት። ምነው እሱ ሳለ ብትነግሩት፣ ይሻሻል ነበር» ብሎ ቢሮውን በሳቅ ሞላው። ነገሩ በሳቅ ያለቀ መስሎን ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ቢሮ ስደርስ እማማ ቡዜ በር ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አጠገባቸው የዕድራቸው ሽማግሌ ኦቦ ነገሪ አሉ። ደብዳቤው እጃቸው ላይ ነው። ጎረቤት አስነብበውት «ለተከበሩ አቶ ደገፋ» ይላል። ደገፋ ባላቸው ናቸው፤ ልጁ ከመዝመቱ በፊት የሞቱ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ላንቺ አላስረዳም። ማንም ፊት ለፊት አይናገርም፤ ነገሩ በዳር በዳር፣ በሌላ ነገር ተጠቅልሎ ይመጣል። የልጁ ስም ቀርቶ የሟች አባቱ ስም ተጽፎ ሲያዩ እማማ ቡዜ መርዶ ነው ብለው ተረዱት። ቢሮው አንድ ነገር ሰምቷል፣ አፍ አውጥቶ መናገር ከብዶታል፣ ልጄ ከአባቱ ጋር መቀላቀሉን በዘዴ እየነገረኝ ነው አሉ። ሌሊቱን አልተኙም። ዕድሩ ድንኳን ሊተክል ነበር፤ ኦቦ ነገሪ ናቸው መጀመሪያ ሄደን እንጠይቅ ያሉት።

«ልጄ፣ አትፍሪ» አሉኝ። «የሰማሽውን ንገሪኝ። ላልቅስበት።»

ምንም አልሰማንም፣ የማሽን ስሕተት ነው አልኳቸው። ኦቦ ነገሪ ቆጣ ብለው «ማሽኑስ ከማን ሰማ?» አሉ። ኖላዊ ወንበር አስጠግቶላቸው የእነ መሐሙድን፣ የሌሎቹንም ደብዳቤ አንድ በአንድ እያነሣ የማን አባት ስም እንደሆነ አነበበላቸው። ኦቦ ነገሪ የሚያውቁት ሟች ስም በተነሣ ቁጥር «እሱም ተመሰገነ?» እያሉ ጥቂት ሳቁ። እማማ ቡዜ ግን አልሳቁም።

«ታዲያ ልጄ አለ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው።

«እሱንማ እኔም አላውቅም» አሉ። ነጠላቸውን አውልቀው እዚያው እንደ ዘወትሩ አድርገው ለበሱት። ወዲያው፣ ማሽናችሁ ስለ እሱ ምን ይላል ብለው ጠየቁ። ኖላዊ ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ያለ ወይም የሞተ እንጂ ሌላ አይልም አላቸው።

«እኔ አለም ሞተም አላልኩም። እየጠበቅሁት ነው ነው ያልኩት። እንደዚያ ብላችሁ ጻፉት» አሉ።

ኦቦ ነገሪ «ቡዜ፣ ለእነሱም ሥራ አበዛሽባቸው» አሏቸው። «ጤፌን ሲቀበሉ አልበዛባቸውም» ብለው መለሱላቸው።

አቶ በኃይሉ ጉዳዩን ሲሰሙ ፈሩ። ውጭ ያሉት ሰዎች ምን ይሉናል፣ የእነሱን ፕሮግራም ማን ንኩ አላችሁ ይሉናል አሉ። እኔ አልፈራሁም። ይህ ምድብ ከሌለ የዚህ አገር ሰጪ ስም በትክክል ሊመዘገብ እንደማይችል፣ የማናውቀውን ሞት ሞት ብለን መጻፍም ሐሰት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፌ ዓርብ አስፈርሜ በፋክስ ላክሁ። የአባት ስሙን ጉዳይ ኖላዊ በዚያው ቀን አስተካክሎታል፤ ለሁሉም ሰጪ ይቅርታ ተጽፎ ደርሷል። የእማማ ቡዜን ሾፌሩ ሳይሆን እኔው ለቡ ድረስ ሄጄ በእጃቸው ሰጠኋቸው።

አዲሱ ምድብ ዛሬ ጠዋት ለጊዜው ተከፈተ። «የሚጠበቅ» ይላል። ኖላዊ ኢሉን አስገባውና «በቃ? አንድ ሰው ብቻ ነው?» አለኝ። ሌላም አለ አልኩትና ራጉኤል ብዬ ራሴ መታሁት። እኔ እዚህ ከተቀጠርኩበት ወር ጀምሮ አንድም ወር ሳያጓድል የሚሰጥ ሰው ነው። ኖላዊ የአባቱን ስም አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ የእሱ ደብዳቤ በየት አድራሻ ይላክ አለኝ። እስከ ዛሬ ደብዳቤውን የምወስድለት እኔ ነኝ አልኩት።

እማዬ፣ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው። የአጎቴ ሐሳብ መጥፎ አይደለም፤ ፍትሐቱን ሳስብ እኔም ልቤ ይከፈላል። ነገር ግን ይህን አጎቴም እኔም ልንቆርጥልሽ አንችልም። ለቅሶ እንቀመጥ ካልሽ ጥቁር ለብሼ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። እጠብቃለሁ ካልሽም ሽማግሌዎቹን መንገር ለእኔ ይሁን፤ ለዚህ ቃል አላጣም። ግንቦት ቀረበ ብለው እንዲያጣድፉሽ ብቻ አልፈልግም።

በጸሎትሽ አስቢኝ። አንቺን ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ የትንሣኤውን ብርሃን በሰላም ያሳይሽ። ለጎረቤቶችሽ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ከውጭ የምንጠብቀው መልስ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ስሙ ሁሉ ከመዛወሩ በፊት እንደሚደርስ ተነግሮናል። አጎቴ ደግሞ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ፣ ሽማግሌዎች ይዞ መልስሽን ሊሰማ እንደሚመጣ ጽፈሽልኛል። እኔ ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ።

ታናሽ ልጅሽ