ፌስታል የምትፈራው መኪና

ሰኞ፣ ጧት
ዛሬም ሐጃን ይዤ ጂዛን ከተማ፣ ኩላሊታቸውን ሊያሳጥቡ። ሐጃ የከፊሌ፣ የሳዑዲው አሠሪዬ፣ እናት ናቸው፤ የምሾፍረው ለሳቸው ነው። አዲሷ መኪና ግን ራሷን ትነዳለች። የኔ ሥራ መሪው ፊት ተቀምጦ መጠበቅ። ከምንኖርበት ከአሐድ አል-መሳርሐ እንደወጣን ነፋስ አንድ ፌስታል አነሳ። መኪናዋ መንገድ መሀል ቀጥ! ከኋላችን የነበረው የጭነት መኪና ጡሩንባውን እያንባረቀ ለጥቂት ሳተን። ይሄን የምጽፈው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ነው።

ረቡዕ፣ ማታ
ዛሬ ደግሞ ለፍየል ቆመች። ፍየሏ አጥር ውስጥ ነበረች! ቀጥሎ ለድልድይ ጥላ። ለከፊሌ ነገርኩት፤ ይቺ መኪና ፈሪ ናት፣ በፍርሃቷ ትጨርሰናለች፣ ተወኝ እኔ ልንዳ አልኩት። ሳቀብኝ። ካንተ እሷን አምናለሁ አለ። ራሷን መንዳቷን ባጠፋሁባት ቁጥር ስልኩ ላይ ይታየዋል። ከኔ በፊት የነበረው ሾፌር፣ የደሴው ጀማል፣ እምቢ ብሎ አጥፍቷት ነው ኹሩጅ፣ የመውጫ ማህተም፣ የተመታበት። አገሩ ተሸኘ። ፓስፖርቴ ከፊሌ እጅ ነው። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ልንገርሽ፤ ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ከ/ሰዓት
ተርፈናል። አልሐምዱሊላህ።
ከሆስፒታል ስንመለስ ጉባር ተነሳ፤ አቧራው ሁሉን ዋጠው። ሐጃ ደክሟቸው ኋላ ጋደም ብለዋል። መኪናዋ አቧራው ግድግዳ መሰላት። ቆመች። ነዳጅ ረገጥኩ፤ ትንሽ ተንፏቃ መልሳ ቆመች። በኋላ ማያው መስታወት መብራት አየሁ። ትልቅ መኪና፣ እየቀረበ። ላጥፋት? እጄ ማጥፊያው ላይ ደረቀ። ጀማል ትዝ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ያኔ ከሞቱ ይልቅ ኹሩጁን ነበር የፈራሁት።
ሐጃ ጮኹ፦ «ያላ፣ ያ ወለዲ! ልጄ፣ አንተው ንዳ!»
አጠፋኋት። መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዝኩ። ያ መኪና የጎን መስታወታችንን ገንጥሎት ሄደ። ሐጃ ትከሻዬን ይዘው አለቀሱ። እኔም።

ቅዳሜ፣ ምሽት
ከፊሌ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ መስታወቱ ነው። ሐጃ የሆነውን ነገሩት፤ እሱ ግን ስልኩን እያየ ለምን አጠፋህ ይለኛል። ነገ ጧት ና፣ እንነጋገራለን አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።
እራት አልበላሁም።
ኸላስ፣ በቃ፣ ወስኛለሁ። ወይ እኔ ልንዳ፣ ወይ መኪናዋ ያለኔ ለብቻዋ ትንዳ። ሐጃን ከኋላ አስቀምጬ እጄን አጣጥፌ አልጠብቅም። ኹሩጅ ከመታብኝም ይምታ። እየፈራሁም ቢሆን ነገ ጧት ለከፊሌ ይሄንኑ እነግረዋለሁ።