ወጥ ቤቱ ከሞተሩ ወዲያ፣ እኛ ከሞተሩ ወዲህ

ለክቡር ሚስተር ሮድኒ ፌዘርስቶን
የሃዝልደን ሸለቆ ቅርስ ባቡር የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ስንገናኝ ሲያነክሱበት የነበረው ጉልበትዎ ተሽሎት፣ እንደ ቀድሞው በባቡሩ ደረጃ ላይ ቆመው ለተሳፋሪው እጅ ለመንሣት እንዲበቁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የከሰል ብናኝ ካመጣብኝ ሳል በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመንደራችን ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ፤ በማኅበሩ የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ወፍ ጎጆ ስለሠራች፣ አባላቱም ጫጩቶቹ እስኪበሩ ሣጥኑ እንዳይነካ በድምፅ ብልጫ ስለወሰኑ ብቻ ነው።

ጉዳዬ ቀላል ነው። ባለቤቴ ቤሪል በማኅበርዎ በጎ ፈቃደኛ አስተናጋጅ ከሆነች ወዲህ፣ እሁድ እሁድ ምሳዬን የምበላው ከሬዲዮኔ ጋር ነው። ስለዚህ ለአርባኛው የጋብቻ በዓላችን በከሰል በሚነዳው የድሮ ባቡራችሁ እየተጓዙ ምሳ በሚበሉበት የእሁድ ጉዞ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወንበሮች ገዛሁ። የፈለግሁት ከገዛ ሚስቴ ጋር ቁጭ ብዬ አንድ ምሳ መብላት ነበር፤ ከዚህ ያለፈ ምኞት እንዳልነበረኝ ልብ ይበሉልኝ። ማኅበርዎ ይህን ምኞቴን ምን ያህል በትጋት እንዳስተናገደው በተራ በተራ እያነሣሁ ላመስግን።

አንደኛ፤ ቤሪል ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ገና ከመቀመጧ፣ ሌላዋን አስተናጋጅ ወገቧን ስለያዛት፣ «ቤሪልዬ፣ እባክሽ ለሾርባው ብቻ» ተብላ ተጠራች። ሚስቴ እምቢ ማለት አታውቅበትም፤ እኔንም ያገባችኝ በዚሁ ጠባይዋ ሳይሆን አይቀርም። ሽርጧን አሥራ ተመለሰችና፣ ደንባችሁ አስተናጋጅ ከደንበኛ ጋር እንዳይቀራረብ ስለሚከለክል፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ጌታዬ፣ ሾርባ ይፈልጋሉ?» አለችኝ። በአርባ ዓመት ትዳር ውስጥ በሚስቴ አንቱ ስባል የመጀመሪያዬ ነውና ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። «ኧረ ቤሪል፣ ተቀመጪ» ብላት፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ ወንበር ለአንዲት እመቤት የተያዘ ነው» ብላኝ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች።

ሁለተኛ፤ ምግቡ። ማኅበርዎ ሁሉም ነገር ልክ እንደ ድሮው እንዲሆን ስለሚጠነቀቅ፣ ጎመኑም ከድሮ ጀምሮ ሲቀቀል የነበረ ነው መሰለኝ። የበሬ ጥብሱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግሩም ነበር። መረቁ ግን ባቡሩ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከሳህኔ ተነሥቶ የጎረቤቴን ሱሪ ጎበኘ፤ «ይቅርታ» ያለውም ጎረቤቴ ነው።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። እንደሚያውቁት፣ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ጎታቹ ሞተር ተፈትቶ በጎን ባለው ሐዲድ ይዞርና በባቡሩ ሌላኛው ጫፍ ይቀጠላል። ለመፍታት የወረዱት ጡረታ የወጡት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ላቲመር ሲሆኑ፣ ፊሽካቸውን አንግተው የተከተሏቸው ደግሞ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ የቀድሞው ርእሰ መምህር ሚስተር ግሪምሾ ናቸው። ወጥ ቤቱ ያለበት ፉርጎ ከሞተሩ ቀጥሎ ነው። ዶክተሩ ሞተሩን ከወጥ ቤቱ መፍታት ሲገባቸው፣ ወጥ ቤቱን ከእኛ ፈቱት። በኋላ ሚስተር ግሪምሾን ብጠይቃቸው፣ «ማየቱንማ አይቻለሁ፤ ግን ተራው የእሳቸው ነበር፣ በሰው ሥራ እንዴት ጥልቅ ይባላል?» አሉኝ። ዶክተሩ ደግሞ፣ «እኔም ገብቶኝ ነበር፤ ግን ግሪምሾ ዝም ብለው እኔ ተሳስተናል ብል፣ እሳቸውን ማሳጣት አይሆንም?» አሉኝ። ይሉኝታ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ፤ ወጥ ቤት ሲወስድ ግን ገና አሁን አየሁ።

ወጥ ቤቱ ሞተሩ እየገፋው በመስኮታችን ሥር አለፈ። ሁላችንም አየነው። ባቡር ሲያልፍ እጅ ማውለብለብ ልማዳችን ነውና ሁላችንም በደስታ አውለበለብን፤ እኔም ጭምር። ቤሪልም ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆና፣ ጣፋጩ ላይ የወተትና የእንቁላሉ ማባያ ኩስታርድ የሚፈስስበትን ጭልፋ ከፍ አድርጋ መለሰችልኝ። ሞተሩ ዞሮ ሲቀጠል፣ ወጥ ቤቱ ከሞተሩ ወዲያ፣ እኛ ከሞተሩ ወዲህ ሆንን፤ በመካከላችን እሳት የጎረሰ ብረት ቆመ። ፈትቶ እንደገና መቀጠል ይቻል ነበር። ያ ግን ስሕተት መኖሩን በይፋ ማመን ስለሚሆን፣ ክራምብል የሚባለው የፖም ጣፋጫችን ከፊት እየመራን ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን።

እዚህ ላይ ምጸቱን ትቼ ልንገርዎት፤ ባዶውን ወንበር እያየሁ ሆዴ ባባ። ሬዲዮኔን እንኳ አልያዝሁም ነበር።

አራተኛ፤ ሶረል የምትባለው ትንሽ ማቆሚያ ስንደርስ፣ አስተናጋጆቹ ጣፋጩን በእግራቸው ሊያደርሱልን ወረዱ። ቤሪልም ሳህኔን ይዛ ስትመጣ አይቼ ልቀበላት ወረድሁ። ሚስተር ግሪምሾ በተቆጣጣሪነት ዘመናቸው ሁሉ ባቡር ያዘገያሉ ተብለው ሲታሙ ኖረው፣ ያን ቀን በሰዓቱ ለመነሣት ቆርጠው ኖሯል፤ ፊሽካቸውን ነፉ። የቀሩት ዘለው ገቡ፣ እኛ ቀረን። ተሳፋሪውም በሙሉ አውለበለበልን።

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን። ቤሪል ሽርጧን ፈታች፣ ከኪሱ ሁለት ማንኪያ አወጣችና «ኖርማን፣ ተጠጋ እንጂ» አለችኝ። «ጌታዬ ማለቱ ቀረ?» ብላት፣ «ጌታዬማ በባቡሩ ሄዷል» አለች። ክራምብሉ ቀዝቅዟል፤ ኩስታርዱ ላይ የከሰል ብናኝ ነበረበት፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ግን አላስታውስም። ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው እውነት ነው። የሚወስደን መኪና ሲመጣ ሁለታችንም ቅር አለን።

አምስተኛ፤ የይቅርታ ደብዳቤዎ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ጨዋነቴ ይከለክለኛል። እኛን ጥለው በመሄዳቸው ሚስተር ግሪምሾ ፊሽካቸውን እንዲያስረክቡ መወሰንዎን ጽፈውልኛል። ክቡርነትዎ፣ እባክዎ አይንኳቸው። በዚያ ቀን ማኅበርዎ ከሠራው ሁሉ፣ የገዛሁትን ምሳ ከነሚስቴ ያስረከበኝ የእርሳቸው ፊሽካ ብቻ ነው።

ለዘመን ጠገቡ ጎመንዎና ዳር ድንበር ለሌለው ጨዋነትዎ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ እየነሣሁ፣ በሐዲድዎ ላይ ሣር እንዳይበቅል የምጸልይ፣ አንዳንድ አስተናጋጆች ጌታዬ የሚሉኝ ደንበኛዎ፣

ኖርማን ክላተርባክ

ማስታወሻ፦ ለካሣ የላኩልን የሚቀጥለው እሁድ የምሳ ትኬት ደርሶናል። ቤሪል በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ እንድታስተናግድ የሚያዝዘው ወረቀትም በዚያው ፖስታ መጥቷል። ተመካክረን ትኬቱን ለእርስዎ፣ የሥራ ትእዛዙን ለባለቤትዎ ለእመቤት ፌዘርስቶን መልሰን ልከናል። ቤሪል እሁድ ቤቷ ናት፤ በእኛ ቤት ወጥ ቤቱን ከጠረጴዛው የሚፈታ በጎ ፈቃደኛ የለም።