እናቴን ብቻ ለይቶ ስለሚያስቀረው መፈለጊያዎ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የካርድና የመረጃ ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤና ከደጃፍዎ እንዳይርቅ፣ እንደው ክፉ ቀን ገጥሞዎት እንደ እኛ ታመው ቢመጡም ካርድዎ በመጀመሪያው ፍለጋ እንዲገኝልዎ ከልቤ እመኛለሁ። እናቴ በአልጋ ቁጥር ዐሥራ አንድ ላይ ተኝታ የነገውን ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ማለትም የቀዶ ሕክምና ተራዋን ትጠባበቃለች። እኔም ከክፍሉ ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምጽፈው ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ስለሆነ ለጽሑፌ መጣመም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በዘጠና ስምንት ዓ.ም. እናቴ በዚሁ ሆስፒታል የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ ገብታ የወጓት ማደንዘዣ ትንፋሿን ቀጥ አድርጎት ነበር። ከንፈሯ ሲጠቁር በዓይኔ አይቻለሁ። ከሞት አፍ የመለሷት ሐኪም የመድኃኒቱን ስም በካርዷ ላይ በቀይ ብዕር ጽፈው ሁለተኛ እንዳይሰጣት አሳሰቡ። ስሙን እሷም አታስታውሰው፣ እኔም አላውቀው፤ የሚያውቀው ያ ካርድ ብቻ ነበር። እርስዎም ካርዶቹን ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጠው ወረቀቱን ከነአቧራው ስላስወገዱልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ከዚህ በታች ያሉትን ጥቂት ቅሬታዎችም የምስጋናዬ አካል አድርገው እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1ኛ. ሁላችንም እትዬ ካርድ እያልን የምንጠራቸው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁጥር የሚጽፉት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ዓመቱን ያስቀድሙና ጥቂት ቦታ ትተው ሰረዝ ያሰምራሉ፣ ከሰረዙ ጋር አጣብቀው ተራ ቁጥሩን ያስከትላሉ። እናቴ እስካሁን ባስቀመጠችው የቀጠሮ ወረቀት ላይ የጻፉላት 98 -613 ነው። ይህንኑ በኮምፒዩተሩ የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ሲያስገቡት ስምንት መቶ አንድ ሰው ተዘረዘረ፤ እናቴ ግን የለችም። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሦስቱንም ጊዜ ያ ሁሉ ሰው መጣ፣ እሷ ብቻ ቀረች። እትዬ ካርድ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በዚያ ዓመት የታከመው ሁሉ እያለ የእኔ እናት ብቻ እንዴት እንደጠፉ ግራ እንደገባቸው ነገሩኝ።

2ኛ. በስሟ እንዲፈልጉልኝ ለመንኳቸው። መፈለጊያ መሣሪያዎ ወይ የእሷን ስም ወይ የአያቴን ስም የያዘውን ሰው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ አራት ሺህ አድርጎ አቀረበልን። ለማጥበብ ብለን ሐሞት የሚል ቃል ብንጨምር ሰባት ሺህ ሆኑ፤ ማደንዘዣ ብንል ዐሥራ አንድ ሺህ። እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ መሣሪያ በዘመኔ አላየሁም፤ ያስቸገረው እናቴን ማስገባት ብቻ ነው።

3ኛ. በግድግዳው ላይ በፊርማዎ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ተፈልጎ ያልተገኘ ታካሚ እንደ አዲስ ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ እናቴ በሰባ አንድ ዓመቷ አዲስ ሆና አዲስ ካርድ ወጣላት፤ ከዚህ ቀደም የጎዳት መድኃኒት በሚለው ቦታም መሣሪያው በገዛ ፈቃዱ "የለም" ብሎ ሞላ። ነርሷን ብማጸናት ቤተሰብ በአፉ የሚናገረው ነገር እንደማይመዘገብ በትዕግሥት አስረዳችኝ። እናቴንማ ይተዉዋት፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ምንም የለብኝም፣ ደህና ነኝ ማለት የዕድሜ ልክ ልማዷ ነው።

ከቀትር በኋላ እትዬ ካርድና እኔ ማንም ከፍቶት የማያውቀውን የመሣሪያውን የእርዳታ ገጽ ከፍተን አነበብን። ሰረዝ ከፊቱ የተጣበቀበት ቃል "ይህን የያዘውን አስቀር" ማለት ነው ይላል። ጠዋቱን ሙሉ ያን መሣሪያ የዘጠና ስምንትን ሰው ሁሉ አምጣ፣ እናቴን ግን አደራህን እንዳታሳየን እያልን ስንለምነው ነበር ማለት ነው፤ እሱም ታዛዥ ነው። ቁጥሩን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው እንዳለ ሲፈልጉት አንድ ካርድ፣ አንድ ብቻ፣ ብቅ አለ። ቀዩ ቀለም ጥቁር ሆኗል፤ የመድኃኒቱ ስም ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። እትዬ ካርድ አለቀሱ። ይህ መሣሪያ ከገባ ወዲህ ስንቱን ሰው አዲስ ነው ብለው ወደ ላይ እንደላኩ ማሰብ ጀምረው ነበር፣ እኔም እንዳያስቡት ለመንኳቸው፤ ፈርቼ ነው።

4ኛ. እናቴ አሁን ሁለት ካርድ አላት፤ አንዱ የሚያድናት፣ አንዱ የሚገድላት። ነርሷ እጅ ያለው ሁለተኛው ነው። ሁለቱን አንድ ለማድረግ የእርስዎ ፊርማ የግድ ነው ተባልኩ። ጸሐፊዎም እርስዎ ስለዚሁ መሣሪያ ስኬት በሚሰጠው ስልጠና ላይ ስለሆኑ ከነገ ወዲያ እንደሚገቡ በፈገግታ ነገረችኝ። እኔ ከነገ ወዲያን እፈራለሁ፣ ጌታዬ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ስለ ትጋትዎ፣ ስለ ማስታወቂያዎ፣ ስለ ስልጠናዎም ደጋግሜ እጅ እየነሣሁ፣ አንዲት ፊርማ ብቻ የምለምን፣

በመፈለጊያዎ ያልተገኘችው እናት ልጅ፣ በኮሪደርዎ የተገኘሁት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ መዝገብ ቤትዎ ተቀብሎ 17 -340 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። አላስችል ብሎኝ በዚያው እንዲፈልጉልኝ ጠየቅሁ። የዘንድሮ ደብዳቤ ሁሉ ወጣ፤ የእኔ ብቻ የለም። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲነበብ በርዎ ላይ ለጥፌዋለሁ። የመድኃኒቱን ስም ደግሞ በቀይ ብዕር፣ በትልቁ ጽፌ በእናቴ ደረት ላይ በፕላስተር አጣብቄያለሁ፤ ምንም የለብኝም እያለች ልትልጠው ስለምትሞክር እጇን ይዤ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።