በሩ ላይ ማንም የሌለበት ፎቶግራፍ

በሩዋን ከተማ ለምትኖረው ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ሳሉ ቀነሰልሽ? እኔ እዚህ ፓሪስ በጤና አለሁ፤ ሌላው ሁሉ ግን ደህና አይደለም። ይህን የሚያነቡልሽን የእማሆይ ክሎቲልድን እጅ ሳሚልኝ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸውና።

የመጣሁበት ጉዳይ አልሆነም። የምትኖሪባት የሻማ ሱቅ ከፋሲካ በፊት ትፈርሳለች። የሕንፃ ሹማምንቱ ካቴድራሉን ከተጠጉት ቤቶች ሰው ያለባቸውን ሊተዉ፣ ባዶዎቹን ሊያፈርሱ ቃል ገብተው እንደነበር ታውቂያለሽ። ምስክር ያደረጉት የአሠሪዬን የሙሴ ኮርቤልን ፎቶግራፍ ነው። የካቴድራሉ ሾጣጣ ቅስት፣ በድንጋይ የተቀረጹት ቅዱሳን፣ የተሸረፈው የመልአኩ አፍንጫ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሱቅሽ በር ተከፍቷል፤ በሩ ላይ ግን ማንም የለም።

ያን ፎቶግራፍ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ብርሃን በሚያጠቁረው የብር ጨው የነከርኩት፣ ሌንሱን የከፈትኩት፣ ሩብ ሰዓት የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሙሴ ኮርቤል ያኔ መጠጥ ቤት ነበር። ከሥሩ የተጻፈው ግን የእሱ ስም ነው።

ይህንኑ ለሹማምንቱ ነገርኳቸው። መሣሪያው የሚይዘው የማይንቀሳቀሰውን ብቻ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ሰው እንደ ጢስ ይጠፋል፤ እናቴ እዚያው ነበረች አልኳቸው። ሙሴ ኮርቤልን ሲጠይቁት ማንንም አላየሁም አለ። እውነቱን ነው፤ ከየት ያያል? አንደኛው ሽማግሌ ሳቅ እያለ፣ «ብርሃን አይዋሽም፣ የኔ ልጅ። ይልቅ ወረቀት መንከሩን ትተሽ የባል ሸሚዝ ንከሪ» አለኝ። እኔም፣ «ወረቀታችሁ ቅዱሳኑን እንጂ የሚሳለሟቸውን አያውቅም» አልኩት። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ከዚያ ወዲያ የማንኳኳው በር አላገኘሁም።

እናቴ፣ ፎቶግራፉን ያነሳሁ ቀን ሙሴ ኮርቤል ከመሄዱ በፊት፣ ድሃ የሚመስል ሰው ሥዕሉን እንዳያበላሽብኝ ብሎኝ ነበር። ልጅሽ መሆኔን አልነገርኩትም። አንቺ የእሑድ ሻሽሽን አስረሽ ወጣሽና፣ «በርጩማዬ ላይ ልቀመጥልሽ?» አልሽኝ። አትቀመጪ፣ ደጃፉን ጥረጊ፣ እስክነግርሽም አታቁሚ አልኩሽ። ለምን ሳትይ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጠረግሽ።

ደጃፉ ግን ንጹሕ ነበር። ጠዋት ጠርገሽው ነበር።

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናው፤ ክረምቱንም በምሕረቷ ታሳልፍሽ። ሊያፈርሱ ሲመጡ በሩ ላይ አጠገብሽ እቆማለሁ። አልንቀሳቀስም።

ልጅሽ