ደከመው ወይስ ሰለቸው

መጋቢት 3
ሐይቁ ገና በረዶ ነው። ዛሬም ጥድ መጭመቅ... ከጥፍር የምታንስ ቁራጭ በእንፋሎት አሞቃለሁ፣ በማሽን እጨምቃለሁ፣ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ለወረቀት ሲፈጭ ውስጡ ምን እንደሚሆን ለማወቅ። አምስት ወር ሙሉ ግን ቃጫው ሳይሰበር አልላቀቅ ብሎኝ ስብርባሪ ብቻ። ናሙናውን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርገው የሚቆርጡልን ሽማግሌው ኦይቫ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ወደ ቤተ ሙከራው ከመግባታቸው በፊት ሃያ ዓመት የወረቀት ፋብሪካ ወፍጮ ላይ ሠርተዋል።

"በጉልበት አይሆንም፣ ማርኬታ። ሞቅ አድርጊውና ቀስ እያልሽ ጨመቅ ለቀቅ፣ ጨመቅ ለቀቅ። ራሱ ይሰለቸዋል።"

ሳቅኩ። እንጨት ይሰለቸዋል እንዴ?

መጋቢት 9
ይሰለቸዋል! ሦስት ሺህ ጊዜ ጨመቅ ለቀቅ ሳደርገው ቃጫዎቹ ሳይሰበሩ ተላቀቁ። ኦይቫን ጠርቼ አሳየኋቸው። አላልኩሽም ወይ ብለው ወደ ቢላዋቸው ተመለሱ።

ሰኔ 20
ጽሑፉ አለቀ። መጨረሻው ላይ ሐሳቡ የኦይቫ እንደሆነ ጽፌ ነበር። አማካሪዬ ፕሮፌሰሩ ሰረዙት። የወፍጮ ሠራተኛ ወሬ እዚህ ምን ይሠራል አሉ። "ሰለቸው" ያልኩትንም "ድካም" አደረጉት። ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ዶክትሬቴ በእሳቸው ፊርማ ነዋ...

ኅዳር 14
ጽሑፉ የወጣበት መጽሔት መጣ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ኦይቫ አያነቡትም፤ ፊንላንድኛ ቢሆን ኖሮ... ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ። ስማቸውን እየፈለጉ እንደሆነ የገባኝ መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ነው። ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

"ፎቶዎቹ ያምራሉ" አሉ።

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ታኅሣሥ 22
ኦይቫ ጡረታ ወጡ። ሁለት ዓመት መቆየት ይችሉ ነበር። ቢላዋውን ስለው፣ ዘይት ቀብተው ትተውልን ሄዱ።

የካቲት 6
አዲሱ ቆራጭ ናሙናውን ይቦጭቀዋል። ደወልኩላቸው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢመጡልን? ዓሣ ላጠምድ በረዶ እየበሳሁ ነው አሉ።

ግንቦት 2
ለመጽሔቱ የላክኩት ማረሚያ ታተመ። ፕሮፌሰሩ አኩርፈውኛል፣ ያኩርፉ። ሦስት መስመር ነው፤ የሐሳቡ ባለቤት ኦይቫ ሬኮላ ናቸው ይላል። ያኔ አይሰረዝም ብል ምን ነበረበት? ይዤላቸው ቤታቸው ሄድኩ። በጢስ የበሰለ ዓሣና ጥቁር ዳቦ አቀረቡልኝ። ስማቸው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ፊደሉ አልተሳሳተም አሉ። ቀጥለውም "ሰለቸው ነው ያላችሁት?" ሲሉ ጠየቁኝ።

አይ፣ ደከመው ነው የሚለው አልኳቸው።

"እሱ ልክ አይደለም" አሉ። "የደከመው እኮ ሲያርፍ ይመለሳል።"

እንዲመለሱልን ልለምናቸው ነበር የሄድኩት። አልጠየቅኳቸውም። ዓሣውን በልቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።