«ይናዳል» አይባልም

ለተከበሩ ኢንጂነር ገብረማርያም፣
የፍሳሽ ቦዩ ሥራ ኃላፊ

እንደምን ሰነበቱ? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ጤና ይስጥልኝ፤ ልጆችዎ በሰላም ወጥተው በሰላም ይግቡልዎ።

የዚያን ማክሰኞ ከቢሮዎ የደወለው ሰው ልጄን ራኬብን መጠነኛ ተግዳሮት ስለገጠማት ወደ ሆስፒታል እንድመጣ ሲነግረኝ፣ ኮልፌ ገበያ ቆጮ እየሸጥኩ ነበር። ተግዳሮት የበሽታ ስም መሰለኝ። ጎረቤቴ ሚስኪም በመርፌ የሚድን ነው ብላ አጽናናችኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ተግዳሮቱ እንዲቀልላት ተሳልኩ። ስደርስ ተሸፍና አገኘኋት፤ ቦዩ ተንዶባት ነበር።

አንደኛ፣ መርዶ እንዲህ ተለዝቦ ሊነገር እንደሚችል ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ መሐንዲሷን ልጄን ጽሑፍ ስላስተማሩልኝ አመሰግናለሁ። የቦዩ ግድግዳ በጣውላ ካልተደገፈ ይናዳል ብላ የጻፈችውን ፕሮፖዛል እንድታስተካክል መልሰውላት ነበር። ራት ላይ «እማዬ፣ ይናዳል አይባልም አሉኝ፤ ለዘብ ያለ ቃል ፈልጊ ተባልኩ» ብላ ስትነግረኝ አብረን ሳቅን። የተገኘው ቃል የትኛው እንደሆነ የሥራ ባልደረባዋ ኢፍቱ ለቅሶ ላይ ነገረችኝ። «የአፈር መረጋጋት ተግዳሮት ሊኖር ይችላል» ተብሎ ተጻፈ። ለእንዲህ ያለ ነገር ጣውላ የሚገዛ ሰው እንደማይኖር እኔም እረዳለሁ።

ሦስተኛ፣ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሥራው ከመጠነኛ ተግዳሮት በስተቀር በዕቅዱ መሠረት እየሄደ መሆኑን ሪፖርት ሲያቀርቡ ከኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ። አነባበብዎ ያምራል። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም እጄን አነሳሁና ፊቴን ጠረግኩበት። ያቺን መጠነኛ ተግዳሮት ዘጠኝ ወር ተሸክሜያታለሁ።

ቦዩ አሁን ወደ ዘነበወርቅ እየቀጠለ ነው፤ ዛሬም ጣውላ የለበትም፣ ውስጡ የሚቆፍሩትም የሰው ልጆች ናቸው። ፕሮፖዛል መጻፍ ስለማልችል በአጭሩ እለምንዎታለሁ። ግድግዳውን ይደግፉት። ይናዳል።

ቃል ማለዘብ ሳትማር የቀረች አክባሪዎ፣
ካሳነሽ ደግፌ፣ የራኬብ እናት
ከኮልፌ 18 ማዞሪያ

ሳልረሳው፦ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለልጄ ነፍስ ይማር በሉልኝ። እርስዎም ምናልባት ከጸለዩላት፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ ተግዳሮት አይደለም።